የሁለቱ ነጥቦች ሙግት

እጁን የሚበላው ሰው አለ። የቆመ ሰዓት ካየ ጀርባውን ይፈለቅቃል፤ አልከፈት ያለ ቁልፍ ካየ አንጀቱን ያወጣል፤ ደኅና የሚሄድ ነገር ካየ ደግሞ «ለምን ይሄዳል?» ብሎ ያቆመዋል። ከነዚህ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እናቴ «ይህ ልጅ እግዜር የሰፋውን እንኳ ተርትሮ ካላየ አያምንም» ትል ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ፣ ሲሠራ የነበረ የካሚዮን ሞተር በገዛ እጄ ፈትቼ ድብ ባሕር በምትባል መንደር ሦስት ቀን ሙሉ ሰውም ቅቤም እንዴት እንዳቀለጥሁ ነው። ከዚያ ወዲያ የመጣብኝን ደግሞ ስደርስበት ትሰሙታላችሁ።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሲወጣ ጎንደር ላይ ጥሎት የሄደው ብዙ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ለኔ የደረሱኝ አንድ ካሚዮንና አንድ ጣሊያን ናቸው። ካሚዮኑስ የኔ አይደለም፤ የእትዬ ጥሩወርቅ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ንግዱን ራሳቸው ይዘው ከዛሪማ ጎንደር ቅቤ የሚያመላልሱ፣ ቁጣቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም የሆነ ሴት ናቸው። እኔ ሹፌራቸው ነኝ። ጣሊያኑ ደግሞ ሲኞር ጁሊዮ ይባላል፤ ወገኖቹ ሲሄዱ እሱ ጎንደርን ወዶ የቀረ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ካሚዮኑ ሲታመም እሱ ያክማል፣ እኔ መፍቻ አቀብላለሁ። መፍቻ ማቀበል ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳብጥ ያቀበለ ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ካቀበልሁ በኋላ ራሴን ከመካኒክ ቆጠርሁት። በዚህ ቁጥርማ መቋሚያ ያቀበለ ሁሉ መሪጌታ ነው።

ሲኞር ጁሊዮ እጁ የተባረከ ሰው ነበር። አማርኛው ላይ ግን ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል። እኔን «አንቺ» ይለኛል፤ እትዬ ጥሩወርቅን «አንተ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ለሱ ብቻ ዝም ይሉለታል። አንድ ቀን የሞተሩን የፊት ክዳን ከፍቶ ሁለት ጥርሳም ማርሾች አሳየኝ። ትንሹ ፒስቶኖቹን ከሚያወጣና ከሚያወርደው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው፤ ትልቁ ደግሞ ቫልቮቹን ከሚከፍትና ከሚዘጋው ዘንግ ጫፍ ላይ። ጥርስ ለጥርስ ተነካክሰው አብረው ይዞራሉ። ትንሹ ማርሽ ላይ ካሉት ጥርሶች ባንዱ ላይ አንድ ነጥብ ተመትቶበታል፤ ትልቁ ላይ ግን ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ጥርሶች ላይ ሁለት ነጥብ አለ።

«አንቺ፣ ስሚ!» አለኝ ሲኞር ጣቱን ቀስሮ። «አንዱ ሁለቱን ትስማለች። አንዱ ሁለቱን ካልሳመች፣ ሞተር ትሳደባለች!»

እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። አንዱ ሁለቱን መሳሙ በየትኛው አገር ነው ደግ የሆነው? ስወጣ አማርኛውን እያስመሰልሁ ጓደኞቼን አሳቅሁበት። ሰው ከመምህሩ የሚይዘው እንዲህ ነው፤ ቅኔው ይረሳና የመምህሩ ሳል ይቀራል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ ማክሰኞ ጧት ዛሪማ ላይ ቅቤውን በቅል በቅሉ ጭነን ወደ ጎንደር ተነሣን። እትዬ ጥሩወርቅ ከኔ ጎን ተቀምጠዋል። ከጭነቱ ላይ ደግሞ ሁለት ባላገሮች አሉ፤ አያ አድማሱና አያ ውብነህ። አያ አድማሱ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተመዘነ፤ አያ ውብነህ ወፍራም፣ ሳይመዝኑ የሚናገሩ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ በአንዲት የድንበር ስንዝር ዐሥራ አንድ ዓመት የተሟገቱ። ይግባኙ ጎንደር ደርሶ ለሐሙስ ጧት ተቀጥሯል። ሲሄዱ አብረው ነው፣ ሲበሉ አብረው ነው፣ አንዱ ዘወር ሲል ሌላው በዐይኑ ይከተለዋል፤ ምክንያቱም በቀጠሮው ቀን አንዱ ቀርቦ አንዱ ከቀረ፣ የቀረው ተሸነፈ ማለት ነው። ተሟጋች እንደ ባልና ሚስት ነው፤ ያለ ሌላው ትርጉም የለውም።

ድብ ባሕር ስንደርስ ውኃ ልጨምር ከአንድ ዋርካ ሥር አቁሜ ወረድሁና ከሞተሩ ፊት ዘይት ጠብ ጠብ ሲል አየሁ።

«ምነው ቆምህ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ዘይት ያፈሳል።»

«ጨምርበትና እንሂድ። ጎንደር ስንገባ ሲኞሩ ያየዋል።»

ከዚህ የተሻለ ፍርድ ሰሎሞንም አይሰጥም ነበር። እኔም ዘይቱን ጨምሬ ልሄድ ነበር። ነገር ግን አያ ውብነህ ከላይ አንገታቸውን አስግገው «ለካ ይህ ልጅ መንዳት እንጂ ማከም አያውቅም» አሉ። ቃሉ ጆሮዬ ገባ፣ ከጆሮዬ እጄ ወረደ፣ እጄ መፍቻ ያዘ።

«ከፊታችን የሊማሊሞ ዳገት አለ» አልሁ የሐኪም ድምፅ አውጥቼ። «እንዲህ ሆኖ ዳገት አይወጣም። አሁኑኑ ሸጋ አድርጌ እዘጋዋለሁ።»

ራዲያተሩን አወረድሁ፤ ማራገቢያውን ፈታሁ፤ የፊቱን ክዳን ከፈትሁ። ዘይት የሚያሳልፈው ከክዳኑ ሥር ያለው ወረቀት ተቀዶ ነበር። ከሳሙና ካርቶን በልኩ ቀድጄ አዲስ አበጀሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ እዚህ ላይ ብዘጋው ኖሮ ዛሬ የማወራው አልነበረኝም። ግን ሁለቱ ማርሾች ከነእድፋቸው ፊቴ ተገተሩ። እጄን በላኝ። ሰው ተሰብስቧል፤ የድብ ባሕር ገበሬ ማረሻውን ትቶ መጥቶ ቁሟል። ባዶ ክዳን ዘግቶ መሄድ ያሳፍራል። ትልቁን ማርሽ ፈትቼ ላምባ ውስጥ ነከርሁት።

ማርሹ እንደ ወጣ ዘንጉ፣ የቫልቮቹ ሞላ ከኋላ እየገፋው፣ ጥቅል ብሎ በራሱ ዞረ። አያ አድማሱም ከጎኔ ቁጢጥ ብለው ነበርና ትንሹን ማርሽ በጣታቸው እየገፉ «ይኼም ይዞራል እንዴ?» አሉኝ።

«ይዞራል አያ!» አልሁ ኮርቼ። እሳቸውም ደኅና አድርገው አዞሩት።

ማርሹን አጥቤ፣ አሽቼ፣ እንደ ታቦት ዕቃ አብለጭልጬ ልመልስ ስል ነው ላብ ያጠመቀኝ። በምን በኩል ነበረ? ነጥቦቹን አስታወስሁ። ከሲኞር ትምህርት የቀረኝ መሳም የሚለው ብቻ ነው፤ ማን ማንን እንደሚስም ሳቄ ውጦታል። ትንሹ ላይ አንድ ነጥብ አለ፤ ይኼ ሙሽራው ይሁን። ትልቁ ላይ ግን ሁለት ሙሽሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩኛል። ክርስቲያን ነኝና አንዷን መምረጥ አለብኝ። የቀኟን መረጥሁ፤ ከሷ ቀኝ አስገብቼ አሰርሁት።

ሁሉን ገጣጥሜ ማኖቬላውን፣ ማለት በእጅ አዙረን ሞተር የምናስነሣበትን ቆልማማ ብረት፣ ከፊት ሰካሁ። እትዬ ጥሩወርቅ አማተቡ። አንድ ጊዜ አዞርሁ፤ ምንም። ሁለተኛ አዞርሁ፤ አሁንም ምንም። ሦስተኛውን ስጎትት ሞተሩ ማኖቬላውን ወደ ኋላ መልሶ እኔን ከነክብሬ መንገድ ዳር ወረወረኝ፤ ከጭስ መውጫውም «ጓ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ሲኞር «ትሳደባለች» ያለው ለካ ተራ ስድብ አልነበረም፤ የዘር ማንዘር ስድብ ነው። ከተሰበሰበው ሰው እኩሌታው «ሽፍታ!» ብሎ መሬት ተኛ። በመንገዱ የሚያልፉ አንድ ቄስ በቅሏቸው ይዛቸው ነጎደች፤ «በስመ አብ» ሲሉ አጠገቤ ነበሩ፣ «ወወልድ» ሲሉ ከኮረብታው ማዶ ሰማኋቸው።

አያ ውብነህ ከተኙበት ቀና ብለው «አሁን አከምኸው ወይስ ገደልኸው?» አሉኝ።

ማክሰኞ እንዲህ መሸ። ረቡዕ ጧት እንደገና ራዲያተር ማውረድ፣ ክዳን መክፈት። በዚህ መሐል ጨው የጫነ ካሚዮን ከዛሪማ በኩል መጣ። ሹፌሩ የማውቀው ነው፤ ያለሁበትን አይቶ እየሳቀ «አንድ ሰው ብቻ ልወስድልህ እችላለሁ» አለ።

አንድ ሰው! ሁለቱ አያዎች እኩል ተነሡ።

«እኔ ልሂድ፤ ታምሜያለሁ» አሉ አያ ውብነህ።

«ምንህን?»

«ልቤን።»

«ልብህንማ ዐሥራ አንድ ዓመት ነው የታመምህ» አሉ አያ አድማሱ፣ የአያ ውብነህን ጋቢ ጫፍ ጨብጠው። «አንተ ብቻህን ቀርበህ እኔ ልቀር? እንተያያለን!»

አያ ውብነህም የአያ አድማሱን ጋቢ ያዙ። እንዲህ ተያይዘው እንደ ቆሙ የጨው ካሚዮን ትንሽ ጠብቆ፣ ትንሽ ስቆ፣ አቧራውን ለሁለቱም እኩል አካፍሎ ሄደ። አቧራው ሲጠፋ ሁለቱም ጋቢ ለጋቢ እንደ ተያያዙ ወደኔ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ያየኝ ዐይን ሁሉ የከሳሽ ዐይን ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ቅሎቻቸውን ከጥላ ወደ ጥላ ሲያዞሩ ውለው መጡና ራሴ ላይ ቆሙ። «ሞተሩ ዘይት ማፍሰሱን ትቶልኛል፤ ቅቤዬ ግን ጀምሯል» አሉ።

ያን ቀን ግራዋን ሙሽራ መረጥሁ። የቀኟ ካልሆነች የግራዋ ናት፤ ከዚህ የጠራ ብልሃት ከየት ይመጣል? ከሷ ግራ አስገብቼ አሰርሁ፣ ገጠምሁ፣ ማኖቬላውን እንደ እባብ ራስ በሩቁ ይዤ አዞርሁ። ተነሣ! እያነቀውም ቢሆን፣ እየሳለም ቢሆን ተነሣ! ድብ ባሕር እልል አለ። አያ ውብነህ «እኔስ ድሮም ያውቃል ብያለሁ» እያሉ ጭነቱ ላይ ወጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠሩኝ። በመስኮት እጄን አውጥቼ ሕዝቡን ተሰናበትሁ። ጃንሆይ ራሳቸው ከዚያ በላይ አላውለበለቡም።

ሁለት መቶ ርምጃ ሄድን። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጉብታ አለች፤ ዳገት ብሎ ለመጥራት እንኳ የምታሳፍር፤ አህያ ሳታውቃት የምታልፋት። ካሚዮኑ እግሯ ሥር ሲደርስ ተንፍሶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ ፈልጎ ቆመ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ፍሬኑን ብረግጠው ከኔ ጋር አልመከረም። የተሰናበትኋቸው ሰዎች አንድ ባንድ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ተመልሰው በመስኮቴ አለፉ። አያ አድማሱ ዘለው ወርደው «ታኮ! ታኮ!» እያሉ ድንጋይ ይዘው ከጎማው ኋላ ሮጡ። ከተነሣንበት ዋርካ ሥር፣ ጎማው ከቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ፣ ቁጭ አልን።

ሐሙስ ነጋ። የቀጠሮው ቀን።

ያን ጧት ማንም አልተሳደበም፤ ይኼ ነው የከበደኝ። እኔ ክዳኑን ለሦስተኛ ጊዜ ፈትቼ ማርሹን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ አያለሁ። ሁለቱ ባላገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፀሐይዋን ይለካሉ።

«አሁን ዳኛው ገቡ» አሉ አያ ውብነህ።

«አሁን ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ» አሉ አያ አድማሱ።

አያ ውብነህ ፀሐይዋን እንደገና ለክተው «አሁን የኛ ስም ተጠራ» አሉ። አያ አድማሱ ሳያስቡት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው «አቤት!» አሉ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዐሥራ አንድ ዓመት እግራቸው የቀጠነበት ነገር በኔ እጅ ማሳከክ ሲያልፍ አየሁና ማርሹን መሬት ላይ አስቀመጥሁ።

«አባቶቼ፣ እውነቱን ልናገር» አልሁ። «መካኒክ አይደለሁም። መፍቻ አቀባይ ነኝ። ይህን ብረት እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም።»

እትዬ ጥሩወርቅ «እስከ ዛሬ ሐሙስ ይህን የማናውቅ መስሎህ ነው?» አሉ።

አያ አድማሱ ግን ተጠጉ። «ነገሩን ከሥሩ ንገረኝ» አሉ። ነገርሁ። አንድ ነጥብ እዚህ፣ ሁለት ነጥብ እዚህ፤ በቀኝ አገባሁት ተሳደበ፣ በግራ አገባሁት ደከመ። እሳቸውም ትልቁን ማርሽ አንሥተው፣ እንደ ሰነድ አቅርበው አርቀው አዩትና ምርመራ ጀመሩ።

«ይህን ምልክት ያኖረ ማን ነው?»

«ሠሪው።»

«ሠሪው ሰካራም ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«ያልሰከረ ሰው አንድ ምልክት ሲበቃው ሁለት አያኖርም። ሁለት ካኖረ፣ መሐሉን ሲሰጥ ነው። ሁለት ድንጋይ የተከለ ሰው ርስቱ ከድንጋዮቹ መሐል ነው እንጂ ከውጭ አይደለም። አንተ በቀኝ ብትገባም የሰው መሬት፣ በግራ ብትገባም የሰው መሬት ነው የገባኸው። ነጠላውን ነጥብ ከሁለቱ መሐል አግባው።»

«እውነቱን ነው!» አሉ አያ ውብነህ፣ ጭናቸውን በጥፊ መትተው። «ከሁለት ድንጋይ መሐል ያለው ነው ርስቱ!» ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። ለዐሥራ አንድ ዓመት «አይደለም» ብለው የተሟገቱት ይህንኑ ነበርና። ዘለው ተነሡ። «ይህ ቃል ከመዝገብ አይገባም! ለብረቱ ነው ያልሁ፤ ለመሬቱ አይደለም! ሰማችሁ? እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይመስክሩልኝ፤ ለብረቱ ነው!»

እኔ እዚህ የለሁም። «አንዱ ሁለቱን ትስማለች» የሚለው ቃል ከነጣቱ፣ ከነጢሙ ተገለጠልኝ። ሲኞር አማርኛው የተበላሸ መስሎኝ እንጂ አጥርቶ ነበር የነገረኝ፤ ሙሽራው ከሁለቱ መሐል ይግባ ነው ያለው። ነጠላዋን ነጥብ ከሁለቱ መሐል አነካከስኋት። ጥርሱ ሲገባ ጠቅ አለ፤ የቤቱን በር እንዳገኘ ሰው።

ሁሉን ገጥሜ ማኖቬላውን ግማሽ ዙር ባዞረው ሞተሩ ተነሣ። አልሳለም፣ አልተሳደበም። እንደ በገና እርጋታ ይዞ አንጎራጎረ። ጉብታዋን አለፍናት፤ ሊማሊሞንም እያጠማዘዘን ወጣነው። ማንም እልል አላለም፤ ድብ ባሕር እልልታ አልቆባት ነበር።

ጎንደር ዓርብ ገባን። ሁለቱን ከፍርድ ቤቱ በር አድርሼ፣ ኅሊናዬ አልለቅ ስላለኝ አብሬ ገባሁ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «ሁለታችሁም አልቀረባችሁም። ተዘግቷል» አለ። የተረታ የለም፤ የረታም የለም። ሁለቱ አያዎች ደረጃው ላይ ቆመው እንደ ለቀስተኛ አንገታቸውን ደፉ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያሳደጉት ልጅ በአንድ ቃል ሞተባቸው።

«እንግዴህ ምን ልንሠራ ነው?» አሉ አያ ውብነህ፣ የእውነት ግራ ገብቷቸው።

አያ አድማሱ አሰቡ። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። ያኔ ነበር መሸሽ የነበረብኝ።

ወር አልሞላም፤ ዛሪማ ላይ ቅቤ ስጭን ሁለቱም ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ልብሳቸውን አንጽተው መጡ። አያ አድማሱ ከጉያቸው ወረቀት አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አነበብሁት። ከሳሾች፦ አድማሱና ውብነህ፣ በአንድነት። ተከሳሽ፦ እኔ። «ደኅና ሲሄድ የነበረውን ሞተር ያለ ሥልጣኑ በመፍታት ከቀጠሯችን አስቀርቶናልና» ይላል።

«አባቶቼ፣ እናንተ እኮ ባላጋራ ናችሁ!»

«ነበርን» አሉ አያ ውብነህ በኩራት። «ዐሥራ አንድ ዓመት በምንም ተስማምተን አናውቅም። ባንተ ተስማማን።»

«ቀጠሮው መቼ ነው?»

«ነገ ጧት። ሌላ ካሚዮን አላገኘንም። ካንተ ጋር ነው የምንሄድ» አሉ አያ አድማሱ፣ አንድ እግራቸውን ጎማው ላይ አድርገው።

እትዬ ጥሩወርቅን አየኋቸው። «ተሳፋሪ ተሳፋሪ ነው» አሉና ወደ መቀመጫቸው ወጡ።

እንግዲህ ከሳሾቼን ጭኜ እኔ ራሴ ወደምከሰስበት ነዳሁ። ዕድሜ ልኬን ሞተር እንዳይሞት የጸለይሁ ሰው ያን ቀን እንዲሞት ጸለይሁ። ድብ ባሕርን ሳልፍ አንዲት ጠብታ ዘይት ለመንሁ፤ አንዲትም አልወረደች። ሊማሊሞ ላይ በሳል እንኳ ያቁመኝ ብዬ ተሳልሁ፤ የወጣው እየዘፈነ ነው። ያ ሞተር እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም። በማግስቱ ጧት ጎንደር ስንደርስ የፍርድ ቤቱ በር ገና አልተከፈተም፤ ዘበኛው ፊቱን ይታጠባል።

አያ አድማሱ ከጭነቱ ወርደው አቧራቸውን አራገፉና መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«እንዴት ያለ ሸጋ መንዳት ነው ልጄ! ይህንንማ ለዳኛው ሳልመሰክርልህ አልቀርም።»

ተስፋ አደረግሁ። «ምን ብለው አያ?»

«ከሳሾቹን በሰዓቱ አደረሰ ብዬ።»